ባዶ ሜዳ ያላችሁት ጎተራቸው ነው

ሰሞኑን ስለ ሞንጎሊያ የተሠራ አንድ የአማርኛ የጉዞ ቪዲዮ በየስልኩ ዞሯል። ለእኔም ሦስት ሰው ላከልኝ። እዚያ ሄጄ እንደነበር ስለሚያውቁ ደስ ይለዋል ብለው ነው። ደስ አላለኝም። አናደደኝ። ርዕሱ ራሱ «ዘላኖቹ» ይላል። ልጁ ለቱሪስት በተሠራ ሰፈር አንድ ሌሊት አደረ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ ፎቶ ተነሳ፣ በመጨረሻም ካሜራው ፊት ቆሞ ፍርዱን ሰጠ። እነዚህ ሰዎች አድራሻ የላቸውም፣ ሜዳው ሁሉ ባዶና ባለቤት አልባ ነው፣ መንግሥት አንድ ቦታ ቢያሰፍራቸው ልጆቻቸውም ይማሩ፣ እነሱም ከመንከራተት ያርፉ ነበር አለ። ከሥሩ ደግሞ «ያሳዝናሉ» የሚል አስተያየት የትየለሌ ነው።

አያሳዝኑም። የሚያሳዝነው ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ ማውራት ነው።

ከአድራሻው ልጀምር፣ ከሁሉም የወረደው ንግግር እሱ ነው። ሞንጎሊያ በ21 አይማግ ትከፈላለች፤ ክፍለ ሀገር በሉት። አይማጉ በሱም፣ ሱሙ በባግ ይከፈላል። እያንዳንዱ አርቢ ቤተሰብ የተመዘገበበት ሱምና ባግ አለው። ከብቱ በየዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራል። የአገሪቱ ፖስታ ደግሞ በ2016 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መላውን ዓለም በ3 ሜትር በ3 ሜትር ካሬ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ 3 ቃል የሚሰጥ የአድራሻ ዘዴ ተቀብሏል። ሜዳ መሃል የተተከለ ቤት እንኳ በ3 ቃል ይገኛል ማለት ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ እንግዳ ስንጠራ «ማዞሪያው ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ነው የምንለው። በአድራሻ ጉዳይ እነሱን የምናስተምርበት አፍ የለንም።

እኔ የሄድኩት በ2024፣ በሐምሌ ነው። ከፍራንክፈርት ዋና ከተማዋ ኡላንባታር፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አርሀንጋይ አይማግ። መኪናችን የድሮ የሩሲያ ቫን ነበር፤ እዚያ ፉርጎን ይሉታል። አስፋልቱን ለቅቀን ስንወጣ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ አምስት ስድስት የጎማ ዱካዎች ብቻ። ሹፌሩ አንዱን ይዞ ይሄድና ጭቃ ሲሆንበት ወደ ሌላው ይሻገራል። ሰማዩ ሰፊ ነው። ለሰዓታት ሄደህ ሰው ላታይ ትችላለህ። ልጁ «ባዶ» ያለው ይኼን አይቶ ከሆነ ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እኔ ሰው ጠየቅኩ።

ከጌሩ ትንሽ ራቅ ብለን ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ኖኾይ ኾር!» ብሎ ጮኸ። ውሻውን ያዙልኝ ማለት ነው። ውሻ ባይኖርም ይባላል። የእነሱ «ቤቶች!» ነው። ጌር ማለት ያ ክቡ ነጭ ቤት ነው፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ታሽቶና ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም የበግ ሱፍ ይለብሳል። በሩ ወደ ደቡብ ያያል። ደፉን መርገጥ ነውር ነው። በሩ አጠገብ ትልቅ የቆዳ አቁማዳ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ አይራግ ነው፣ የተብላላ የባዝራ ወተት። የገባ ሁሉ መምቻውን ይዞ ጥቂት ጊዜ ይመታዋል። እኔም መታሁ። ከዚያ ሻይ ቀረበ፣ በወተትና በጨው የተፈላ። እናትየዋ ምድጃው ውስጥ የምትጨምረውን ሳይ ግን ልቤ ተነካ። ኩበት ነው። እነሱ አርጋል ይሉታል። ደረቁን ከእርጥቡ እየለየች፣ በእጇ እየሰበረች፣ ልክ አያቴ እንደምታደርገው።

እዚያ ቤት ስድስት ቀን ተቀመጥኩ። ሥራችሁ ምንድነው ስላቸው «ማልቺን» አሉኝ። ማል ከብት ነው፤ ማልቺን የከብት ሰው። እንዲህ በሚሠሩት ሥራ ራሱን የሚጠራን ሰው እኛ «ዘላን» ብለን ስንጠራው ምን እያልን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በአማርኛችን ቃሉ ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ሥርዓት የሌለው ልጅ ዘላን ይባላል። አርብቶ አደር የሚል ቃል እያለን ያንን መርጦ ርዕስ ላይ መለጠፍ ስህተት ሳይሆን ንቀት ነው።

አሁን ወደ ባዶው ሜዳ ልምጣ፤ ይቺን ሳልጨርስ አልተኛም።

እዚያ አገር ሣር የሚያድገው በዓመት ጥቂት ወር ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ግድም። ከዚያ በኋላ ያለው ብርድ ነው፤ ከዜሮ በታች 30፣ 40 ይወርዳል። በዚያ ጊዜ አብዛኛው ከብት የሚበላው በጎተራ የተከመረ ድርቆሽ አይደለም። በቁሙ የደረቀውን ሣር ነው፣ በረዶውን በኮቴው እየጫረ። ፈረሱ ይጭራል፣ በጉ ከኋላው ይለቅማል። ታዲያ ያ ሣር በጥር እንዲገኝ በሐምሌ ማንም ሊነካው አይገባም። ገባችሁ? በሐምሌ ለምለም ሆኖ ሰው የማይታይበት ሸለቆ ተቆልፎ ነው። የአንድ መንደር የስድስትና የሰባት ወር ቀለብ እዚያ ቆሟል። ጎተራ ነው። ሰው የሌለው የተረሳ መሬት ስለሆነ ሳይሆን፣ ባለቤቶቹ እጃቸውን ሰብስበው ስለጠበቁት ነው። ለከብቶቻቸው የሚያስጎመጅ ሣር ዓይናቸው ሥር እያለ፣ አይ፣ ይኼ ለብርዱ ነው ብለው በሌላ በኩል ይነዳሉ። መንዝ ጓሳን የሚያውቅ ሰው ይኼን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። እዚያም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ሣሩን በስምምነት ለዓመታት እየከለለ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ኖሯል። ጓሳን በተከለለበት ዓመት ያየ እንግዳ «ባዶ» ብሎ ቢያወራ መንዜ ምን ይለው ነበር?

ደግሞም መንከራተት የት አለ? አራት ሰፈር አላቸው፣ ለአራቱ ወቅት። የበረዶው ሰፈር ነፋስ የማይገባበት ተራራ ሥር ነው፣ በረቱ እዚያ ተሠርቶ ይጠብቃል። በጉ የሚወልድበት ሌላ ነው። የሐምሌው ወንዝ ዳር ነው። ከበረዶው በፊት ደግሞ ከብቱ ስብ እንዲይዝ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዱታል፤ ኦቶር ይሉታል። በሀንጋይ ተራሮች ርቀቱ አጭር ነው፣ በጎቢ በረሃ ከመቶ ኪሎሜትር ሊያልፍ ይችላል። አምስት ዓይነት ከብት ነው የሚያረቡት፤ ፈረስ፣ ግመል፣ የቀንድ ከብትና ያክ፣ በግ፣ ፍየል። አምስቱም የሚበሉት ሣር ይለያያል፣ የሚጠጡበት ሰዓት ይለያያል፣ ብርድ የሚችሉበት አቅም ይለያያል። ይኼን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ፣ ዘንድሮ ዝናቡ የት ጣለ፣ ጎረቤት የት ወረደ፣ መቼ ልነሳ ብሎ የሚወስንን ሰው «የሚንከራተት» ማለት፣ ገበሬን መሬት ይጭራል እንደማለት ነው።

ባለቤት አልባ የሚለውም ባዶ ወሬ ነው። በ1992 የወጣው ሕገ መንግሥታቸው ሌላውን መሬት ዜጋ በግል እንዲይዝ ሲፈቅድ የግጦሽ መሬትን ለይቶ አስቀርቷል። አስበውበት ነው። አንድ ሰው የበረዶውን ሸለቆ በሽቦ ካጠረ የሌላው ከብት በየካቲት ያልቃል። ድንበሩን ተሻግሮ፣ ቻይና ውስጥ ባለችው ውስጣዊ ሞንጎሊያ፣ ግጦሹ ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ ታጥሯል። ሣሩ ዳነ? አልዳነም።

በአራተኛው ቀን ጎረቤት ቤተሰብ ሰፈር ሲቀይር አየሁ። ገመዱ ተፈታ። የሱፉ ልባስ ወረደና ተጠቀለለ። ረጃጅሞቹ ወጋግራዎች አንድ በአንድ ወጡ፣ ከላይ ያለው ክብ የጭስ መውጫ፣ ቶኖው፣ በሁለት ሰው ተይዞ በቀስታ ወረደ። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ምድጃው፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳው ሰማያዊ የኮሪያ ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ሰው ሁሉ ቦታውን ያውቃል፤ የሚጮህ የለም። የስምንት ዓመት የምትሆን ልጅ መሬቱን እየዞረች የወደቀ ገመድና ሚስማር ትለቅም ነበር። ሲሄዱ የቀረው ሣሩ ላይ የተኛ ክብ ቢጫ ምልክት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ይመለሳሉ።

ይስፈሩ የሚለው ምክርስ? የመስፈርን ፍሬ ማየት የፈለገ ኡላንባታር ይሂድ። አገሪቱ 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ አላት፣ ግማሽ የሚጠጋው እዚያች ከተማ ነው። ኮረብታው ሁሉ በጌርና በአጥር ተሞልቷል። አብዛኛው ሰፈር የቧንቧ ውኃ የለውም። በብርዱ ወራት ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ከተማዋን ሲያፍናት ኖሯል፤ በ2019 ጥሬ የድንጋይ ከሰል እስከ መከልከል የደረሱት ለዚያ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2017፣ ከገጠር የሚመጣ ሰው እንዳይመዘገብ ከተማዋ በሯን ዘግታ ነበር። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ከብታቸው ያለቀባቸው ማልቺን ናቸው። ወንድሜ፣ አንተ መድኃኒት ብለህ ያዘዝከው ለእነሱ የውድቀታቸው መጨረሻ ነው።

ኮሚኒስቶቹ እንኳ ይኼን አላደረጉም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከብቱን ወስደው በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያስገቡት እንቅስቃሴውን አላስቆሙም። ካሚዮን ሰጥተው አገዙት እንጂ። ያ ሥርዓት ሁሉን ሊያዝ የሚፈልግ ሥርዓት ነበር፤ እሱም ቢሆን ከብት በረዶ ላይ ቁጭ ብሎ እንደማይኖር ገብቶታል።

ትምህርትም ቢሆን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ100 ሰው 98ቱ ነው። ልጆቹ በሱሙ ከተማ አዳሪ ሆነው ይማራሉ። እናትየው ልጇን በስድስት ዓመቱ አዳሪ ቤት መላክ እንደሚከብዳት ነግራኛለች፣ ይኼን አልክድም፣ ትልቅ ዋጋ ነው። ግን አልተማሩም ማለት ውሸት ነው። መብራትም ብትሉ በ2000 ተጀምሮ በ2012 በተጠናቀቀው ፕሮግራም 100,000 ያህል ጌር የፀሐይ ኃይል አግኝቷል። እንግዲህ ትምህርትና መብራት ወደሚንቀሳቀስ ሰው ሊሄዱ ይችላሉ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ፍየል በዝቷል። ከ1990 በኋላ ከብቱ ወደ ግል ሲዞር ካሽሚር፣ የፍየሉ ለስላሳ ጠጉር፣ ገንዘብ የሚያመጣ ዋና ነገር ሆነ፤ ፍየል ደግሞ ሣሩን ከሥሩ ይነቅላል። ግጦሹ ተጎድቷል። ግን ፍየሉን ያበዛው የሹራብ ገበያ ነው፣ የሰዎቹ መንቀሳቀስ አይደለም። እንዲያውም የተጎዳው ቦታ ሰው መንቀሳቀስ ያቃተው ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዙድ ደግሞ አለ። በረዶው ሲከብድ ወይም በላዩ ግግር ሲሠራ ከብቱ ሣሩ ጋ መድረስ አይችልም፤ ቆሞ ያልቃል። እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው ብርድ፣ በ2023 እና 24፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ከብት ሞቷል። ለዚህም መላ አላጡም። ከ2006 ጀምሮ በአካባቢው የሚሞተውን የከብት መጠን መነሻ ያደረገ የእንስሳት መድን አላቸው። በእኛ ቦረና በ2012 የተጀመረው መድን የዚያው ሐሳብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው የሣሩን ሁኔታ በሳተላይት ማየቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 2026ን የግጦሽ መሬትና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ ሲሰይምም ሐሳቡን ያቀረበችው ሞንጎሊያ ናት። ዓለም ከእነሱ ሊማር በተሰበሰበበት ሰዓት እኛ ከንፈር እንመጣለን።

ሂዱ አይደለም የምለው እንዳይመስላችሁ። ሂዱ። ግን አንድ ሌሊት አድራችሁ አትፍረዱ። አንድ ቤተሰብ ጋ ሰንብቱ። ባዝራ በየሁለት ሰዓቱ እንደምትታለብ እዩ፤ ውርንጭላው መጀመሪያ ይጠባና ይጎተታል፣ እንደኛው ጥጃ። ውኃ ቅዱ፣ ኩበት ልቀሙ። ስትነሱ ደግሞ እናትየዋ ጭልፋ ይዛ ትወጣለች። ወተት ከመኪናው ኋላ ትረጫለች፣ መንገዳችሁ እንዲቀና። እኔን እንደዚያ አድርጋ ነው የሸኘችኝ። በመስኮት ዞሬ እስክትጠፋኝ አየኋት፣ ጭልፋው አሁንም በእጇ ነበር።

ልጁ ይኼን ካነበበ፦ ወንድሜ፣ ርዕሱን ቀይረው። «ዘላን» የሚለውን አውጣ። ከዚያ ቪዲዮህን ራስህ ድገመውና እየው። ሜዳው ባዶ ነው፣ ማንም የለበትም እያልክ እጅህን የዘረጋህበት ቦታ ላይ አቁመው። ከትከሻህ በላይ፣ ከተራራው ሥር፣ የእንጨት በረት ይታያል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ጀርባውን ለነፋሱ የሰጠ። የሰው የበረዶ ሰፈር ላይ ቆመህ ነበር።