የታይሮይድ ክኒንን በሚዛን አትለኩት

ሰሞኑን «ወፈርኩ» ያለች ሴት ሁሉ የሚጠብቃት መልስ አንድ ነው፤ «ሆርሞን ይሆናል፣ ታይሮይድ ታዪ።» ምክሩ ክፋት የለውም። በደም የሚታይ ነገር ነው፤ በሽታው ካለም ቶሎ ቢገኝ ይሻላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሆርሞኗ አንሶ ክኒን የተጀመረላት ሴት ከወር በኋላ ሚዛን ላይ ትወጣና «ምንም አልቀነስኩም» ብላ ትተወዋለች። ሌላዋ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢዋ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ለመቅጠን ብላ ከጓደኛዋ ክኒን ተካፍላ ትውጣለች።

ሁለቱም መድኃኒቱን የለኩት በኪሎ ነው። ስህተቱም እዚያ ላይ ነው።

አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሰውነት ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል የሚቆጣጠር ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ሲያንስ ድካም ይመጣል፣ ብርድ አይቻልም፣ ሆድ ይደርቃል፣ ፊት ያብጣል። ክብደትም ይጨምራል። ግን ስንት? የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር ለሕመምተኞች ባዘጋጀው ማብራሪያ፣ ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ፓውንድ ነው ይላል። በእኛ ልኬት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። የዚህም አብዛኛው ጨውና ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒን የጎደለውን ሆርሞን ሲተካ በዋናነት የሚወርደው ያው ውኃው ነው። 15 ኪሎ የጨመረ ሰው ሁሉንም በዕጢው ላይ ቢያላክክ፣ ዕጢው የሰው ዕዳ እየከፈለ ነው።

«አብዝቼ ብወስደውስ?» የሚለው ሐሳብ ዛሬ በቲክቶክ የተወለደ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1891 በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ጆርጅ መሬይ የተባለ ሐኪም ከበግ የታይሮይድ ዕጢ ባወጣው ፈሳሽ አንዲት ዕጢዋ የደከመ ሴት ማከም ጀመረ። ሴትዮዋ ተሻላት። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች፤ ለእሷ ሕክምና ከ870 በላይ በጎች ዕጢ እንደዋለም ተመዝግቧል። (ፋሲካ እንኳን ይህን ያህል በግ ከአንድ ቤት አይፈልግም።) ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች ሕክምናው ክብደት እንደሚቀንስ አዩና ዕጢያቸው ጤነኛ ለሆነ ወፍራም ሰዎችም ይሰጡት ጀመር። ኪሎው ወረደ። ጡንቻውም አብሮ ወረደ፣ ልብም ተረበሸ።

ዛሬም ያው ነው። ሆርሞኑ ከልክ ሲያልፍ ልብ ይመታል፣ ምቱም ይዛባል፤ ነገሩ ከቆየ አጥንት ይሳሳል። ልቡ ቀድሞ የታመመ ሰው ከወሰደውማ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በሣጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ ያስገባው፦ ለውፍረት ወይም ለክብደት መቀነሻ አይዋል፣ በከፍተኛ መጠን ከተወሰደ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ስለሌላኛው ወገን ነው። በአገራችን እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ የአዮዲን እጥረት ብዙ ሰው ጎድቷል። ከእንቅርት ጋር ወይም ያለ እንቅርት ሆርሞኑ የሚበዛባቸው ሰዎችም አሉ። ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ የለም። ሐኪም ፒቲዩ ወይም ሌላ ሆርሞን የሚቀንስ ክኒን ያዝዛል። መድኃኒቱ ሲሠራ የጠፋው ክብደት ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከቀድሞው አልፎ ይሄዳል። ሰውነት ሲያቃጥል የነበረውን ማቃጠል አቁሟል፤ አፍ ግን ድርብ መብላት ለምዷል። ይህን ማንም ያልነገራት ሴት «መድኃኒቱ አወፈረኝ» ብላ ታቆመዋለች። አንዳንዷ ሳትታከም በፊት የነበራትን ቅጥነት ወዳው ነበር፤ እውነቱን እንነጋገር። ከዚያ ልቧ እንደገና መደለቅ ይጀምራል።

ስለዚህ ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ብቻ መከመር ተገቢ አይመስለኝም። የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ወረቀት ተጽፎ «በቀን ይህን ያህል» ተብሎ ከተወጣ፣ ስለ ኪሎ የሚያስረዳው ማን ነው? ሰፈርና ስልክ። ሐኪሞቻችን ክኒኑን ሲያዝዙ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ብዙ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥም ነበር። ሆርሞን ለሚተካለት፦ «ከጥቂት ኪሎ በላይ አትጠብቅ።» ሆርሞን ለሚቀነስለት፦ «ክብደትህ ይመለሳል፣ ከዛሬ ጀምሮ ምግብህን ልክ አስይዝ።» በቃ።

የሌቮታይሮክሲንን መጠን የሚወስነው ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራና የሕመምተኛው ስሜት ነው። ሌቮታይሮክሲን ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲቀየር ምርመራው የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢታይ ትክክለኛውን አያሳይም። ውጤቱ ካልተስተካከለ ደግሞ መጠን ከመጨመሩ በፊት አወሳሰዱ ይጠየቅ። ክኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ቡናችንም ይጠብቅ፤ ክኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። የአይረንና የካልሲየም ክኒን ደግሞ ከእሱ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። በጾም ወቅት እስከ ቀትር ለሚቆይ ሰው ይህ ምንም አያስቸግርም።

ቲኤስኤች ተስተካክሎ ኪሎው አልንቀሳቀስ ካለ፣ ያኔ እራቱን፣ እንቅልፉን፣ ሌሎች የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ማየት ነው። ክኒኑ ግን አይነካም። በተለይ ማርገዝ የምታስብ ወይም ያረገዘች ሴት በኪሎ ተናዳ እንዳታቆመው፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን ስለማይሠራ የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው።