ዶርም ወይስ መርካቶ?

የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ውሃ ጠፋ ማለት ወሬ አይደለም፣ ወሬው ውሃ መጣ ሲባል ነው። ትናንት ሌሊት መጣ ተባለና ከላይኛው አልጋ ወርጄ፣ ያውም መሰላሉ ተገንጥሎ፣ ተሰልፌ ሁለት ጀሪካን ሞላሁ። ጠዋት ስነሳ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ጭራሽ የለም! ስሜን በማርከር ጽፌበት ነበር እኮ። ማንንም ብጠይቅ “እኔ አላየሁም” ነው። እሺ ውሃውን ተጠቀማችሁበት፣ ጀሪካኑን ምን አደረጋችሁት?

ስለ ሽንት ቤቱ አላወራም፣ ምሳ ልበላ ነው።

በነፃ እየኖራችሁ ምን ታማርራላችሁ የሚል ደግሞ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት የሚባል ነገር አለ፤ የምግቡም የመኝታውም ሂሳብ በስማችን እየተጻፈ ነው፣ ተመርቀን እንከፍለዋለን።

ከሁሉም የባሰው ግን ባለ ስፒከሩ። ሰው ለፈተና እያነበበ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሙዚቃ ይከፍታል፣ ቀንስ ሲሉት “ላይብረሪ ሂድ” ይላል። ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) ጋ ስንሄድ “ተነጋግራችሁ ተስማሙ” ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በምን ቋንቋ ነው የምንነጋገረው፣ ስፒከሩ ያሰማናል እንዴ?