ውዳሴ ለኤቶአይ

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ የሚጽፍ ሰው ሆደ ሰፊ ነው። በዚህ ማንም አይከራከረኝ። ተጠቃሚው የማሽን አድራሻና ፖርት (ማሽኑ ላይ የሚንኳኳው በር ቁጥር) አያይዞ ሲሰጠው «እውነት ይሄ ፖርት ነው?» ብሎ ሰው አያሸማቅቅም። መሃል ላይ ያለችውን ኮለን (:) ይፈልጋል፣ እዚያ ላይ ይቆርጣል፣ ግራውን አድራሻ ይለዋል፣ ቀኙን ለኤቶአይ ያስረክባል። አለቀ። ሁለት መስመር ኮድ ናት። ኮለኗ ከነጭራሹ ባትኖርስ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ክፉ አሳቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ፕሮግራሙ ሲወድቅ ቀድሞ ደስ የሚለው እሱ ነው።

ኤቶአይ ደግሞ ጽሁፍን ወደ ቁጥር የሚቀይር፣ ለኛ ለደጎች የተፈጠረ ፈንክሽን ነው። «80» ብትለው 80 ይልሃል። «80ምናምን» ብትለውም 80፤ ምናምኑን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፈዋል። «ሰማንያ» ብለህ በፊደል ብትጽፍለት እንኳ አይቆጣም፣ 0 ብሎ ይመልስልሃል። እውነተኛውን 0 እና የስህተቱን 0 በምን ትለያቸዋለህ? አትለያቸውም። መለየት ለምን አስፈለገ? በ0 ፖርት ሰርቨር ብታስነሳ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ራሱ ደግ ስለሆነ «የተገኘውን ስጠኝ ማለቱ ነው» ብሎ ነጻ ከሆኑት ፖርቶች አንዱን ይመርጥልሃል። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ሎጉ ላይ «ስራ ጀምሯል» የሚል መስመር ይወጣል፣ የት እንደጀመረ ግን የሚያውቀው ከርነሉ ብቻ ነው። አጥፍተህ ስታስነሳው ደግሞ ሌላ ቦታ ይገኛል። ደንበኞች ይፈልጉት እንጂ፣ ምን ስራ አላቸው!

ፖርት 16 ቢት ነው፣ ጣሪያው 65535። ይህን የማያውቅ የለም፣ የሚፈትሸው ነው የጠፋው። መፈተሹስ ምን ይረባል፣ ቁጥሩ ወደ 16 ቢት ሲጨመቅ ትርፉ ራሱ ይረግፍ የለ? 65616 የጻፈ ሰው 80 ላይ ያርፋል። 70000 የጻፈ 4464 ይደርሰዋል። -1 የጻፈውማ 65535 ላይ፣ ከሁሉም በላይ ቁጭ ይላል። ባዶ እጁን የተመለሰ የለም። ኢንት (የሲ መደበኛ የሙሉ ቁጥር አይነት) ውስጥ ጭራሽ የማይገባ ረጅም ቁጥር ቢመጣ ደግሞ የሲ ስታንዳርድ ራሱ ለሚሆነው ነገር ኃላፊነት አልወስድም ብሏል፤ ስታንዳርዱ ያልወሰደውን ኃላፊነት እኔ የምወስደው ምን ቆርጦኝ ነው?

ነገረኞች ግን አይጠፉም። «ስትርቶልን ተጠቀሙ» ይላሉ። ስትርቶል የኤቶአይን ስራ የሚሰራ ጠንቃቃ ፈንክሽን ነው፤ ማንበቡን የት ላይ እንዳቆመ ይነግርሃል፣ ቁጥሩ ከአቅሙ ካለፈም ኤርኖ በሚባለው የስህተት መመዝገቢያ ላይ ምልክት ይተውልሃል። ጥሩ። ግን ጣጣውን እዩልኝ፦ ኤርኖን ቀድመህ 0 አድርግ፣ አንድ አሃዝ እንኳ ተነቦ እንደሆነ እይ፣ ከአሃዞቹ በኋላ የተንጠለጠለ ነገር ካለ እይ፣ ከ1 እስከ 65535 መሆኑን እይ፣ ይህም አልበቃ ብሎ ስትርቶል ከፊት የመጣ ክፍት ቦታንም የመደመር ምልክትንም ምንም ሳይል ስለሚውጥ የመጀመሪያው ቁምፊ አሃዝ መሆኑን ራስህ እይ። ለአንድ ፖርት! በዚህ ሰዓት እኮ ደጉ ሰው ኮዱን ልኮ ቤቱ ገብቷል።

የፖርቱን ባይቶች ኔትወርኩ በሚፈልገው ቅደም ተከተል የሚያስቀምጠውን ኤችቶንስን መርሳትስ? እሱ ደግሞ ልዩ ጸጋ ነው። በብዙዎቻችን ማሽን ላይ ባይቶቹን ሳታገላብጥ 80 ካልክ የምትቆመው 20480 ላይ ነው፣ 8080 ካልክ ደግሞ 36895 ላይ። የሚገርመው ግን ሰርቨሩንም ደንበኛውንም የጻፈው አንድ ሰው ከሆነ ሁለቱም እኩል ይሳሳቱና በሰላም ይገናኛሉ። ቴስቱ ያልፋል። ችግር የሚመጣው ሌላ ሰው በትክክል የጻፈው ፕሮግራም ሲቀላቀል ነው፣ ያኔም ጥፋተኛው እሱ ነው።

ወደ አድራሻው እንሂድ፣ ዋናው ደግነት ያለው እዚያ ነው። የተጻፈ አድራሻን ወደ ቁጥር የሚቀይረው፣ አይኔትኤቶን የሚባለው የጥንቱ ፈንክሽን «127.1» ብትለው 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ማለትህ እንደሆነ ይገባዋል። «2130706433» ብትለውም ይገባዋል፣ ያው 127.0.0.1 ነው። «010.0.0.1» ካልከው ግን 8.0.0.1 ይልሃል፣ ከፊት ዜሮ ያለው ቁጥር በስምንት ቤት ይቆጠራል ብሎ ስለሚያምን። አስር ያልከው መስሎህ ስምንት ጋ ትሄዳለህ። ወንድሙ አይኔትአድር ደግሞ ስህተት ሲያይ -1 ይመልሳል፣ ያ -1 በ32 ቢት ሲነበብ 255.255.255.255 ነው፤ ስለዚህ የማይረባ ጽሁፍና ለሁሉም የሚላክ የብሮድካስት አድራሻ እዚህ ቤት እኩል ናቸው።

ያንኑ ስራ የሚሰራው ጥብቁ አይኔትፒቶን መጣና እንዲህ ያለውን አልቀበልም አለ። እኛ ግን እሱንም አለዘብነው። ሲሳካለት 1፣ አድራሻው ካልጣመው 0፣ የአድራሻውን አይነት ጭራሽ ካላወቀው -1 ይመልሳል። ደጉ ፕሮግራመር የሚፈትሸው «ከ0 ያንሳል ወይ?» ብሎ ነው። አያንስም! ስለዚህ የተበላሸው አድራሻ ሁሉ በክብር ያልፋል። አድራሻው የሚቀመጥበት ስትራክቸር አስቀድሞ በዜሮ ተሞልቶ ከነበረ መድረሻው 0.0.0.0 ይሆናል፣ ሊነክስ ላይ ደግሞ ወደ 0.0.0.0 የተገናኘ ሰው የሚያገኘው ራሱን ማሽኑን ነው። ራስን ማግኘት ቀላል ነገር መሰላችሁ?

አይፒ ስሪት 6 የሚባለው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ስርዓት የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገና ትኩስ ስለሆነ አንቸኩልም። አድራሻው ራሱ በኮለን የተሞላ መሆኑ የኛ ጥፋት አይደለም። «::1»ን (የስሪት 6ን 127.0.0.1) የመጀመሪያዋ ኮለን ላይ ብትቆርጠው አድራሻው ባዶ፣ ፖርቱ 0 ይሆናል። «እሺ፣ ከኋላ ልቁረጠው» ያለ ብልህ ደግሞ አድራሻው ኮለን፣ ፖርቱ 1 የሆነ ነገር ይዞ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ነው «[::1]:8080» ተብሎ በቅንፍ የሚጻፈው፣ ግን ቅንፍ የሚያነብ ኮድ ማን ይጻፍ? ቦታውም ቢሆን ጠባብ ነው፣ ለአድራሻው ጽሁፍ 16 ባይት በፈር (ማስቀመጫ ሜሞሪ) ይዘናል፤ ለስሪት 6 የሚያስፈልገው 46 ነው፣ የአስተናጋጅ ስም ደግሞ እስከ 253 ቁምፊ ሊሄድ ይችላል። እዳው ገብስ ነው፣ የተረፈው ጎረቤት ሜሞሪ ላይ ይፈስሳል።

ጌትአድርኢንፎ የሚባለው ፈንክሽን ይሄን ሁሉ በአንድ ጥሪ ይጨርሰዋል፣ ስሪት 4ንም 6ንም ስምንም ያውቃል። ታዲያ ብዙ አድራሻ በዝርዝር ስለሚሰጥ ይጨናነቃል ሰው፤ የመጀመሪያውን ወስዶ ሌላውን መተው፣ ሜሞሪውንም ሳይለቁ መሄድ ልማዳችን ነው። እሱም ይቅርብኝ ያለ በአሮጌው በጌትሆስትባይኔም ይቀጥላል፣ ፖዚክስ የሚባለው ስታንዳርድ በ2008 እ.ኤ.አ. ቢሰርዘውም ገና ይሰራል።

ከሁሉም የምወደው ግን የደህንነት ማጣሪያችንን ነው። ተጠቃሚው የሰጠውን አድራሻ «127.0.0.1» ከሚለው ጽሁፍ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክራል፣ ከተመሳሰለ ይከለክላል፣ ካልተመሳሰለ ለአይኔትኤቶን ያሳልፈዋል። አጥቂው «127.1» ብሎ ይመጣል። ወይም 2130706433። ማጣሪያው አይቶት አያውቅም፣ አይኔትኤቶን ግን የልብ ወዳጁ ነውና ከውስጥ ይከፍትለታል። በሰነዳችን ላይ «የውስጥ አድራሻዎች ታግደዋል» ተብሎ ተጽፏል፣ ከጎኑም የማረጋገጫ ምልክት አለበት።