ሽሮፑ ይቅር፣ ድንቹ ራሱ ይጣፍጥ

የፊንላንድን ምግብ ማማት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ፓርማ ላይ ሲመረቅ፣ የያኔው የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ፊንላንድ ሄደው ምግቡን እንደምንም እንደቻሉት ተናግረው አገሬውን አስቆጥተዋል። መለኪያው ቅመም ብቻ ከሆነ ለሐሜቱ ምክንያት አይታጣም። የፊንላንድ ወጥ ቤት ሙያ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ በድንችና በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች መቼ ወደ ስኳር እንደሚለውጡት፣ መቼ ደግሞ እንዳይለወጥ እንደሚያግዱት በማወቅ ላይ። ይህን ሙያ እየገደለ ያለውም የውጭ ሰው ሐሜት ሳይሆን ጊዜ ለመቆጠብ የሚጨመረው ወፍራም የስኳር ፈሳሽ፣ ሽሮፕ፣ ነው።

በሄሜ አውራጃ የሚታወቀውንና ለገና ገበታ የሚቀርበውን በኦቨን የሚጋገር ጣፋጭ ድንች፣ ኢሜሌቲ ፔሩናላቲኮን፣ እንመልከት። ሁለት ኪሎ ድንች፣ ሲበስል የሚፈረፈረው ዓይነት፣ ተቀቅሎ በትኩሱ ይደፈጠጣል። ሙቀቱ ወደ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይገባበትና ይማሰላል። ከዚያ ተከድኖ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ በሆነ ሙቀት አራት አምስት ሰዓት ይቆያል፤ አልፎ አልፎ ማማሰል ያስፈልጋል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው አሚላዝ የተባለ ኢንዛይም የድንቹን ስታርች ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይሰባብረዋል። ሥራው በዓይን ይታያል፤ ጠጥሮ የነበረው ድንች እየላላ ሄዶ ከማንኪያ ላይ ይፈስሳል። ሲቀመስ ካልጣፈጠ ገና ነው።

የሚበላሸው በችኮላ ነው። ዱቄቱ ገና በሚያቃጥል ድንች ላይ ከተጨመረ፣ ከ75 ዲግሪ በላይ ኢንዛይሙ ስለሚሞት እስከ ማታ ቢጠበቅም ድንቹ አይጣፍጥም። ድንቹ ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ ደግሞ ባክቴሪያ ይቀድምና ይኮመጥጣል። በደንብ ከጣፈጠ በኋላ ግማሽ ሊትር ወተት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ገውዝ ይጨመርበትና በ150 ዲግሪ ኦቨን ሦስት ሰዓት ያህል ይጋገራል። ሲፈላ ስለሚገነፍል የመጋገሪያው ዕቃ ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሞላት የለበትም።

ሽሮፕ የሚጨምር ሰው ይህን ሁሉ ጥበቃ ይዘልለዋል። ጣፋጭ ነገር ማግኘቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ስታርቹ ስላልተሰበረ ድንቹ እንደወፈረ ይቀራል፣ ስኳሩም ከድንቹ ጋር ሳይዋሐድ ለብቻው ይቀመሳል። ይህ ሌላ ምግብ ነው። በሌላ ስም ቢሸጥ ቅሬታ የለኝም።

ለፋሲካ የሚዘጋጀው ገንፎ መሰል ጣፋጭ፣ ሜሚም፣ መንገዱ ያው ነው፤ እዚህ ግን ኢንዛይሙ የሚመጣው ከብቅል ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሚያስፈልገው ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ 600 ግራም የራይ ዱቄትና 300 ግራም የራይ ብቅል ነው (ራይ ብርድ የሚችል የስንዴ ዘመድ ነው)። ውሃው 65 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ የዱቄቱና የብቅሉ ሲሶ ይገባበትና ተከድኖ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ የቀረውም በሁለት ዙር እንዲሁ ይጨመራል። ሁሉንም ባንዴ የጨመረ ሰው ትርፉ ጓጎላ ነው። ከዚያ እንዳያር እየተማሰለ አሥር ደቂቃ ይፈላል። ጨውና የደረቀ የመራራ ብርቱካን ልጣጭ ዱቄት ገብቶበት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በ150 ዲግሪ ሦስት ሰዓት ይጋገራል። ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን በብርድ ቢቆይ ጣዕሙ ይበልጥ ይበስላል። ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል የለበትም፤ የጾም ምግብ ነበርና ለስቅለት በቀዝቃዛው ይበላ ነበር። ዛሬ የሚበላው ክሬምና ስኳር ፈስሶበት ነው።

በዳቦው ላይ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 አገሪቱ የነፃነቷን 100ኛ ዓመት ስታከብር በሕዝብ ድምፅ ብሔራዊ ምግብ ተብሎ የተመረጠው የራይ ዳቦ፣ ሩይስሌይፓ፣ በሜሚ ውስጥ ወዳጅ የነበረውን ኢንዛይም ጠላት አድርጎ ያገኘዋል። ራይ አሚላዝ ይበዛዋል። ስታርቹ በኦቨን ውስጥ ገና በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚለሰልስ፣ ኢንዛይሙ ከመሞቱ በፊት ይደርስበትና የዳቦውን ልብ ሙጫ ያደርገዋል። የሚያግደው ኮምጣጣነት ነው። ስለዚህ እርሾው የሚፈለገው ለማስነሳት ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ከቀድሞው ሊጥ የተረፈ እርሾና 500 ግራም ዱቄት ተቀላቅሎ፣ አረፋ አውጥቶ በደንብ እስኪኮመጥጥ አንድ ቀን ያህል ይቀመጣል። ጨውና አንድ ኪሎ ያህል ዱቄት የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በፓኬት እርሾ ብቻ ያቦካ ሰው ሊጡ በሁለት ሰዓት ኩፍ ሲልለት ይደሰታል፤ ማታ ሲቆርሰው ግን ቢላዋው ላይ ይጣበቅበታል። በትክክል የተሠራውም ቢሆን እስከ ማግሥቱ ባይቆረስ ይሻላል።

የድሮው የድንጋይ ምድጃ ለዚህ ሥራ የተስማማ ነበር። አንድ ጊዜ ነድዶ፣ ፍሙ ከተጠረገ በኋላ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። በመጀመሪያው ኃይለኛ ሙቀት በስስ የራይ ሊጥ ውስጥ የሩዝ ገንፎ የሚሞላበት የካሬሊያ ፒራካ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ሲበርድ ደግሞ እስከ ንጋት የሚያድር ወጥ ይገባበታል። በምሥራቅ ፊንላንድ ምድጃው ቶሎ ቶሎ ስለሚነድ ለስላሳው ወፍራም ዳቦ ተለመደ፤ በምዕራብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብዙ ይጋገርና መሐሉ የተበሳው ጠፍጣፋ ዳቦ በዘንግ ተሰክቶ ጣሪያ ሥር ይደርቃል።

ምድጃው በየቤቱ ተመልሶ ይተከል አልልም። የምጠይቀው ለትምህርት ቤቶች ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ተማሪዎቿን ሁሉ በነፃ ምሳ የምታበላ፣ በ7ኛ ክፍል ደግሞ የቤት ሙያን በግዴታ የምታስተምር አገር ናት። ከዚያ ትምህርት አንዱ ቀን ለዚህ ይሰጥ። ጠዋት ሁለት ሳህን የተደፈጠጠ ድንች ይዘጋጅ፤ በአንዱ ዱቄቱ በ65 ዲግሪ፣ በሌላው በ85 ዲግሪ ይግባ። ሁለቱም ተከድነው 60 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ውስጥ ይቆዩና ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ይቅመሷቸው። አንድ ቴርሞሜትር ይበቃል።