ዳኛ መሐንዲስ አይደለም? ማን ይሁን አለ!

የግል ኃይል አመንጪዎች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሰሞኑን አንድ አስተያየት ይዘዋወራል። የመብራት ተቋም ከማን ኃይል እንደሚገዛ መወሰን ቴክኒካል ጉዳይ ነው፣ ዳኛ መሐንዲስ ስላልሆነ ፍርድ ቤት እጁን ይሰብስብ የሚል። ይባስ ብለው ደቡብ አፍሪካን ይጠቅሳሉ። ከአገር ሁሉ ደቡብ አፍሪካን!

እስቲ እንየው። የደቡብ አፍሪካ የመንግሥት መብራት ድርጅት ኤስኮም እ.ኤ.አ. በ2016 የመንግሥትን ጨረታ ካሸነፉ የነፋስና የፀሐይ ኃይል አምራቾች ጋር የኃይል ግዢ ውል አልፈርምም አለ። ውድ ነው፣ በቂ ኃይል አለኝ አለ። ጨረታውን ያወጣው መንግሥት፣ የኤስኮምም ባለቤት ያው መንግሥት! 27 ፕሮጀክቶች፣ 2,300 ሜጋዋት ገደማ፣ እስከ ኤፕሪል 2018 ድረስ ፊርማ ሲጠብቁ ከረሙ።

ያኔ ኤስኮም ማን ነበር? የከሰል ማመንጫዎቹ ባለቤት እሱ፣ የማስተላለፊያ መስመሩ ባለቤት እሱ፣ ገዢውም እሱ ነበር። ተፎካካሪውን "ያንተ ዕቃ አያስፈልገኝም" ሲለው ታዲያ ምኑ ነው ቴክኒካሉ? የገበያው በር ቁልፍ በአንዱ ነጋዴ እጅ ቢሆን ለጎረቤቱ መቼ ይከፍትለታል? ዳኛውን ስንት ሜጋዋት ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ውሳኔው ሕጋዊ ነው ወይ፣ ምክንያት አለው ወይ፣ የሚጎዳው ወገን ተሰምቷል ወይ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ይህንኑ ነው የሚለው፤ እሱን ለማንበብ ደግሞ የትራንስፎርመር ዕውቀት አያስፈልግም።

በማርች 2018 የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበሩ ኑምሳ፣ የከሰል ሠራተኛው ሥራ ያጣል ብሎ ፊርማውን ለማሳገድ ፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ አስቸኳይ አይደለም ብሎ ከመዝገብ ሰረዘው፣ ውሉም በቀናት ውስጥ ተፈረመ። የትኛው ዳኛ ነው እዚህ ጋ መሐንዲስ ልሁን ያለው?

የጨረታው የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዋጋ ውድ እንደነበር አልክድም። በአራተኛው ዙር ግን በጣም ወርዶ ነበር፤ ይህን ኤስኮም አያውቅም ነበር እንዳትሉኝ። "በቂ ኃይል አለኝ" ያለው ተቋም በዲሴምበር 2019 ደረጃ 6 የመብራት ፈረቃ (እስከ 6,000 ሜጋዋት የሚቋረጥበትን) አወጀ። እነዚያ ዓመታት በከንቱ ባይባክኑ ቢያንስ ከፊሉ ጨለማ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። ጆሃንስበርግ ሱቅ ያላቸውን ወገኖቻችንን ጠይቁ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ወጪውን ይነግሯችኋል።

እኛስ? የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፣ ከግል አመንጪም የሚገዛው እሱ ነው። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ከፍቷል። አንድ የግል አመንጪ ክስ ይዞ የቀረበ ዕለት ግን የመጀመሪያው መቃወሚያ "እኛ የመንግሥት የልማት ድርጅት እንጂ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት አይደለንም፣ አዋጁ አይመለከተንም" የሚል እንደሚሆን ከአሁኑ እወራረዳለሁ።