ይድረስ ለበረራ ሰዓት ካልኩሌተር

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግሬ ካበጠው በቀር ደህና ነኝ።

ያን ቀን ከለንደን ኒውዮርክ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ጠየቅሁህ። 5,540 ኪሎ ሜትር፣ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ አልከኝ። ስድስቱስ ይሁን፣ ዘጠኟ ደቂቃ ከየት መጣች? በኋላ ነው የገባኝ፤ አውሮፕላን ሁሉ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብለህ ርቀቱን ለ900 አካፍለህ የተረፈችህን ነው ያሸከምከኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ እስከ ደቂቃ የቆጠረ አይዋሽም ብዬ የሚቀበለኝን ወዳጄን በዚያችው ሰዓት ቀጠርኩት።

በሩ ተዘጋ፣ ቀበቶ ታሰረ፣ ከዚያ ቁጭ። ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ትንሿ አውሮፕላን ለንደን ላይ እንደተለጠፈች ናት። ጎረቤቴ እንቅልፉን ትከሻዬ ላይ ጀምሯል። 40 ደቂቃ! በአንተ ሒሳብ እኮ 600 ኪሎ ሜትር ሄደን ውቅያኖሱ አፋፍ ደርሰናል። አንገቴን አስግጌ በመስኮት ሳይ የሚታየኝ ግን እንደኛው ተራ የሚጠብቅ የሌላ አውሮፕላን ጅራት ነው።

ተነሳን ስንል ደግሞ ነፋሱ። ጄት ስትሪም የሚሉት፣ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ነፋስ እንዳለ ማንም አልነገረህም? ወደ ኒውዮርክ ስትሄድ ፊት ለፊት ይገጥምሃል፣ ስትመለስ ከኋላ ይገፋሃል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ተነስቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ለንደን ገብቷል። ለአንተ ግን ሲኬድም ሲመጣም ያው 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነው።

ሐቁን ልናገር፣ ርቀት ላይ አትታማም። ክብ ሉል ላይ ክር ወጥረህ ነው የምትለካው፣ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ መንገዱ ወደ ሰሜን የሚጎብጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ ክርህ ዜና አይሰማም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ሰማይዋን ስትዘጋባቸው አብራሪዎቹ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ወደ 13 ሰዓት አደረሱት፤ ያንተ ክር ግን እስከ ዛሬ ሳይቤሪያ ላይ እንደተወጠረ ነው። (ቀጥታ በረራ ይኑር አይኑር ሳትጠይቅ ሰዓት የምትሰጠውን፣ እኔን ደግሞ መካከል ላይ ብረት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትራንዚት ያሳደርከኝን ለሌላ ደብዳቤ አቆይቼዋለሁ።)

ወዳጄ እስካሁን ስልክ አያነሳም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በር በሩን ሲያይ ቆይቶ ነው የሄደው አሉ። ደውለህ የዘጠኟን ደቂቃ ነገር አንተው ብታስረዳው ደስ ይለኛል።

አክባሪህ፣
ከመሃለኛው ወንበር