አክቹዋሊ ይጣፍጣል ተባልኩ

እንግሊዝ አገር ከገባሁ 11 ዓመት አለፈኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ። ግፊያውንም፣ ግልምጫውንም ለምጄዋለሁ። አንዲት ቃል ግን እስካሁን ስሰማት ታንገበግበኛለች። አክቹዋሊ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ የአገሩን ምግብ ይዞ የሚመጣበት ቀን ነበር። እኔም ሌሊቱን ስጠፈጥፍና ስጠብስ አድሬ 60 ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ። ግማሹ በምስር፣ ግማሹ በሥጋ፣ ቃሪያው ለፈረንጅ ምላስ ታዝኖለት። አለቃዬ አንዱን አነሳች። ገለባበጠችው። አሸተተችው። ጫፉን ነከስ አደረገች። ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ «ኦ! ዚስ ኢዝ አክቹዋሊ ናይስ!» አለች።

እኔም «ታንኪው» ብዬ ሳቅኩ። የገባኝ ማታ አውቶብስ ላይ ቁጭ ስል ነው። «ዚስ ኢዝ ናይስ» ብትል ምን ይጎድልባት ነበር? አክቹዋሊ እዚያ መሃል ምን ልትሠራ ገባች? ምን ልትሠራማ፣ ሴትዮዋ ከመንከሷ በፊት ያሰበችውን ልትነግረኝ ነዋ! ይጣፍጣል ብላ አልጠበቀችም። ቆሻሻ ነገር መስሏት ነበር። አሁን ደግሞ መገረሟን እንደ ሙገሳ አድርጌ እንድቀበላት ትፈልጋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሏን መከታተል ያዝኩ። አያድርስ ነው፣ አንዴ ጆሮህ ከያዛት አትለቅህም። «ዩር ኢንግሊሽ ኢዝ አክቹዋሊ ቬሪ ጉድ።» ይኼን ስንቴ እንደተባልኩ መቁጠር ትቻለሁ። እኔ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ድሬዳዋ፣ ያ ሙቀት ውስጥ፣ 60 ሆነን። የሽማግሌዎቹን መድኃኒት መዝገብ በየቀኑ የምሞላው እኔ፣ የእነሱን የፊደል ስህተት የማርመው እኔ። ግብሬም ሳያዛንፍ በየወሩ ይቆረጣል። ግብሬን ሲቆርጡ ግን አንድም ቀን «አክቹዋሊ ትከፍያለሽ» ያለኝ የለም። ተውት፣ ይኼን ካነሳሁ አላቆምም።

መዝገበ ቃላት ብታዩ ትርጉሟ ቀላል ነው። «በእርግጥ፣ በእውነቱ» ይላል። ሥራዋ ግን እንደምትቀመጥበት ቦታ ይለዋወጣል። መጀመሪያ ላይ ከመጣች፣ ተሳስተሃል ሊልህ ነው፣ በለስላሳው። «አክቹዋሊ፣ ስብሰባው ሐሙስ ነው» ካለህ ረቡዕ ያልከው አንተ ጅል ነህ ማለት ነው። ወይም ሐሳቡን ቀይሯል። ሻይ ልታፈላለት ተነስተህ «አክቹዋሊ፣ ቡና ይሁንልኝ» ይልሃል። መጨረሻ ላይ መለጠፍ ደግሞ እንግሊዞቹ በጣም ይወዳሉ። «አይ ላይክ ኢት፣ አክቹዋሊ።» ይቺኛዋ ስታፍር የምትገባ እንግዳ ትመስለኛለች፣ ብዙም አትጎዳም። መሃል ላይ ከቅጽል በፊት የተሰነቀረችዋን ነው የምፈራት። የኔን ሳምቡሳ የነከሰችው እሷ ናት።

ባለፈው ክረምት ድሬ ገባሁ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? አክቹዋሊ! የባጃጅ ሹፌሩ አክቹዋሊ። ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ጁስ የሚጠጡት ልጆች አክቹዋሊ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ግማሹን ውጠው «አክሽሊ» እያሉ ሲያልፏት የኛ ልጆች ፊደል ሳያስቀሩ፣ ረገጥ አድርገው ነው የሚሏት። «አክቹዋሊ ርቦኛል።» «አክቹዋሊ ቀፊራ ገበያ ልሄድ ነው።» ምንም አትሠራም። ለአፍ ማሟሻ ናት። እውነት መሆኑን ማስረገጥ ከሆነ ድሬ መቼ ቃል ቸገራት? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «ወላሂ» ካለ አለቀ።

አጎቴ ግቢ የበርጫ፣ የጫት ሰዓት ነበር። አጎቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። («ነው» ያልኩት ንቄው አይደለም፣ ድሬ «እርስዎ» ብትለው ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል።) ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ይቺ ሜዳ ላይ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከተማዋም አብራው ተወለደች። የሷ ሽማግሌዎች ደግሞ እንግሊዝኛ ሳይሆን የሺማንደፈር፣ የባቡሩን ፈረንሳይኛ ነው የሚያውቁት። የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቋል። ሥራስ እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣

«አክቹዋሊ ሥራ እየፈለግኩ አይደለም» አለኝ።

አጎቴ ከትራሱ ቀና አለ። «አሁን ካልፈለግክ መቼ ልትፈልግ ነው?»

«አሁን አላልኩም!»

«ብለሃል! አክቱኤልማን አላልክም? አሁን ማለት ነው!»

ሽማግሌው እውነቱን ነው። ቃሏ ከላቲን መጥታ በፈረንሳይኛ በኩል ነው ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረችው። ሥሯ «ድርጊት» ነው፣ ያለ፣ እየሆነ ያለ ነገር። ፈረንሳዮቹ «አክቱኤልማን» ብለው «አሁን፣ በአሁኑ ሰዓት» አደረጓት። ጣልያኑም ስፔኑም እንደዚያው። እንግሊዞቹ ብቻ «በእውነቱ» ወዳለው ይዘዋት ሄዱ። አጎቴ እንደሚለው ድሮ ጣቢያ ሄደህ «አክቱኤልማን ባቡር የለም» ከተባልክ ምንም አይደለም፣ ሻይህን ጠጥተህ ትጠብቃለህ፣ ይመጣል። በእንግሊዝኛው ከሆነ ግን እውነቱን እንንገርህ፣ ባቡር የለም፣ ወደ ቤትህ ሂድ ነው። የድሮው ባቡር እንደ ድሮው መሄድ ካቆመ ቆየ፣ አዲሱም የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ እና አጎቴ ይኼን ካለ በኋላ ጫቱን እየቀነጠበ ትንሽ ዝም አለ።

እኔም ዕድሌን አገኘሁ። የሳምቡሳውን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጎረቤታችን፣ ቡና የምታፈላው፣ ረከቦቱ ጋ ሆና ስትሰማኝ ቆየችና «እና ምን አለችሽ ነው የምትይው? ለካ ይጣፍጣል ነው ያለችሽ?» አለች።

ለካ! ይቺ ሴትዮ የእንግሊዝኛ መምህር መሆን ነበረባት። 11 ዓመት ሳስስ የኖርኩትን ቁጭ ብላ ቡና እየቆላች አገኘችው። «ለካ ጎበዝ ነህ»፣ «ለካ ሙያ አለሽ»፣ ልክ ያቺው ነገር ናት። የኛ ለካ ግን በግልጽ ነው የምትመጣው። ተናጋሪው ቀድሞ ሌላ መስሎት እንደነበር በአፉ ያምናል። አንተም «ምን መስሎህ ነበር?» ትለዋለህ። እሱም ያፍራል፣ ቤቱ ይስቃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ለአለቃዬስ ምን ልበላት? «ምን መስሎሽ ነበር?» ብላት ፊቷ ቲማቲም ይሆናል፣ «ኖ፣ ኖ፣ አይ ዲድንት ሚን...» ትላለች፣ ከዚያ ለሦስት ሳምንት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ላለመግባት ትዞራለች። ጠብ ፈላጊዋ እኔ ልሆን። ያናደደኝ ይኼ መሰለኝ፣ ከሙገሳው ይልቅ መልስ የሌለው መሆኑ።

ይኼን ሁሉ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። የአክስቴ ልጅ እንኳን ስልኩን አስቀምጦ ነው የሰማኝ። ቃሏን ከዛሬ ጀምሮ ትቻታለሁም አለ።

ቡናው ቀረበ። አቦል። ጎረቤታችን ስኒውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ያ እንግሊዝ አገር ከረጢቱ ላይ «ሐረር» ተብሎ ተጽፎበት በውድ የሚሸጠው የሐረርጌ ቡና፣ እዚህ ከረከቦቱ ላይ በቀጥታ። ፉት አልኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ይኼ የተረገመ ምላሴ፣

«እም! አክቹዋሊ አሪፍ ቡና ነው!»

ግቢው ጭጭ አለ። ጎረቤታችን ጀበናዋን ቀስ አድርጋ ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምን መስሎሽ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ኖ፣ ኖ፣ አይ ዲድንት ሚን ልል ምንም አልቀረኝም። ያዳነኝ አጎቴ ነው።

«ተያት አቦ» አለ፣ «አክቱኤልማን መልስ የላትም።»